ጢስ ዓባይን በእግር መዞር፦ ከአላታ ድልድይ እስከ ጀልባው መሻገሪያ

ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ አብዛኛው ጎብኚ ከባሕር ዳር በመኪና ይመጣል፤ ፏፏቴውን ከፊት ለፊት ያያል፤ ፎቶ ይነሣል፤ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የተሣለውን ያንኑ ገጽታ አይቶ ሄደ ማለት ነው። እኔ ግን ጢስ ዓባይ መታየት ያለበት በዙሪያ ጉዞ ነው ባይ ነኝ። ከመንደሩ ተነሥቶ ዓባይን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ላይ መሻገር፣ በማዶው ማሳዎች መካከል ማለፍ፣ ፏፏቴውን ከፊቱ፣ ከሥሩና ከአናቱ ማየት፣ በመጨረሻም ጸጥ ባለው የወንዙ ክፍል በጀልባ ተሻግሮ ወደ መንደሩ መመለስ። አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ሳይረግጡ፣ አንዱን ወንዝ በሁለት ፍጹም የተለያዩ ጠባዮቹ ሁለት ጊዜ መሻገር ይህ ነው።

ጠንከር ያለ ተጓዥ ሙሉውን ዙር በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይጨርሰዋል። እናንተ ግን አራት ሰዓት መድቡለት። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ጊዜ የሚወስደው መቆሙ ነው፤ መቆሙ ደግሞ ይገባዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ

የመጀመሪያው የጸጥታው ሁኔታ ነው። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ባሕር ዳር ያረፋችሁበትን ሆቴል፣ በመንገዱ የሚመላለሱ አሽከርካሪዎችንና የመንደሩን አስጎብኚዎች አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ በማለዳው ደግሞ እንደገና ጠይቁ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ካመነታ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ፏፏቴው የትም አይሄድም።

ሁለተኛው ጀልባው ነው። ዙሩን ዙር የሚያደርገው ከፏፏቴው በላይ ያለው የጀልባ መሻገሪያ ነው። በአዘቦቱ ከማለዳ እስከ ምሽት መለስ ቀለል ያለች የሞተር ጀልባ ሰው ታሻግራለች። ወንዙ በጣም ከሞላ ወይም ሞተሩ ከተበላሸ ግን በድልድዩ በኩል መመለስ ግድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ያንኑ ሸለቆ በቀትር ፀሐይ እንደገና መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ «ጀልባው ዛሬ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ተነሡ።

ሦስተኛው ውኃው ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት አለብኝ። ብዙ ሰው ጢስ ዓባይ ደርሶ በገደሉ ላይ ቀጭን የውኃ ክር ብቻ ሲያይ ተታለልሁ ይላል፤ ምክንያቱን ግን የሚነግረው የለም። ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ የኃይል ማመንጫ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር ከፏፏቴው በላይ ካለው ወንዝ ውኃ በቦይ እየተጠለፈ ተርባይኖቹን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለስ ጀመር። ማመንጫው የሚጠቀመው በዚያው በገደሉ ከፍታ ነው፤ በቦዩ የሄደ ውኃ በፏፏቴው ላይ አይወድቅም። የመጀመሪያው ማመንጫ ትንሽ ስለነበረ ልዩነቱ ብዙም አልታየም። በ1996 ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የውኃው መጠን በበሮች ቁጥጥር ሥር ዋለ። በ2001 ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጠው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሲጨመር ፏፏቴው በበጋ ወራት ሊደርቅ ደረሰ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ እየወሰደ ወደ በለስ ሸለቆ ስለሚለቅ፣ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች በአብዛኛው ተጠባባቂ ሆነዋል። በገደሉ ላይ የሚወድቀው ውኃ መጠን የሚወሰነው እንግዲህ በሐይቁ ከፍታ፣ በበሮቹ አከፋፈትና በማመንጫዎቹ ሥራ ነው።

አንድ የማይረሣ ነገር ደግሞ አለ፦ የአንዳሳ ወንዝ ዓባይን የሚቀላቀለው ከጨረጨራ በታች፣ ከፏፏቴው ግን በላይ ነው። በክረምት በሮቹ ጠበብ ቢደረጉ እንኳ አንዳሳ የራሱን ድርሻ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በባሕር ዳር «ዝናብ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ሰሞኑን ፏፏቴው ምን ያህል ነው?» ብላችሁ በቀጥታ ጢስ ዓባይ ያለ ሰው ጠይቁ።

የትኛው ወር ይሻላል?

ውኃው የሚበረታው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ነሐሴ ላይ መንገዱ ዋልካ ጭቃ ነው፤ እግር ይይዛል፣ ጫማ ያወልቃል፣ ቁልቁለቱ ላይም ያንሸራትታል።

የእኔ ምርጫ ጥቅምት ነው። ሐይቁ ገና ሙሉ ስለሆነ ፏፏቴው አይጎድልም፤ ጭቃው ደርቋል፤ በማዶ ያለው ጤፍ ገና አልታጨደም፤ ሰማዩም ጠርቷል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ውኃው እየቀነሰ ቢሄድም የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆነ ማሳውን ለማየት የሚሄድ ሰው አይቆጨውም። ከየካቲት በኋላ ግን ሙቀቱ ይበረታል፣ ውኃውም ሊሳሳ ይችላል፤ ድልድዩንና ሸለቆውን ለማየት ካልሆነ በቀር አልመክርም።

አካባቢው የወባ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ይብሳል። የቀን ጉዞ ብዙ አያሰጋም፤ በመንደሩ የምታድሩ ከሆነ ግን አጎበር ያስፈልጋችኋል።

ምን ይያዝ?

ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። በፏፏቴው ዙሪያ ያለው ድንጋይ ባዛልት የተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ምርኩዝ ከመንደሩ ልጆች በትንሽ ገንዘብ ታገኛላችሁ፤ ለቁልቁለቱ ያዙት። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ጥቂት ቆሎ ወይም በሶ ይበቃል። ለስልካችሁና ለካሜራችሁ ፌስታል አትርሱ፤ ከፏፏቴው ሥር የሚነሣው ርጭት በደቂቃዎች ውስጥ ያበሰብሳል። ገንዘብ ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ለትኬት፣ ለአስጎብኚ፣ ለጀልባና ለሻይ በየቦታው ትከፍላላችሁ፤ በማዶ መንደር ትልቅ ኖት የሚመነዝር አይገኝም።

ደረጃ 1፦ ከባሕር ዳር እስከ መነሻው

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው የሕዝብ ማመላለሻ አለ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ለመነሣት ሞክሩ፤ ቁልቁለቱንና የመጀመሪያውን አቀበት ፀሐይ ሳይበረታ ትጨርሳላችሁ። ጠዋት ከመውረዳችሁ በፊት የመጨረሻው የመመለሻ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሾፌሩን ጠይቁ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና እየሳሳ ይሄዳል።

ትኬቱ የሚቆረጠው መንደሩ ውስጥ ነው። አስጎብኚም እዚያው ታገኛላችሁ። መንገዱን አውቃለሁ የሚል ሰው እንኳ አንድ የአገሬውን ልጅ ይዞ እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ጀልባውን በስልክ የሚጠራው፣ የትኛው ማሳ ውኃ እንደጠጣና የትኛው መሻገሪያ እንደፈረሰ የሚያውቀው እሱ ነው። ዋጋውን ግን ከመነሣታችሁ በፊት፣ ሙሉውን ዙር እንደምትሄዱ ነግራችሁ ተስማሙ። «እስከ ፏፏቴው» ተብሎ የተዋዋለ ሰው ከፏፏቴው ላይ ልመለስ ቢል አይፈረድበትም።

ደረጃ 2፦ ወደ ሸለቆው መውረድ

በመንደሩ ውስጥ አልፎ የሚሄደው የመኪና መንገድ ሲያበቃ ድንጋያማ የእግር መንገድ ይጀምራል። ቁልቁለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ፣ እግራችሁን ዘርጋ ሳታደርጉ ውረዱ። ይህ መንገድ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ወደ ገበያ የሚወጡበት፣ ሕሙም የሚሸከሙበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ነው። በገበያ ቀን የተጫኑ አህዮች በሰልፍ ይመጡባችኋል። ያን ጊዜ ቁሙ፤ የምትቆሙትም ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል ይሁን። ጭነቱ ከአህያዋ ጎን ወጣ ያለ ስለሆነ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ገፍቶ ሊጥል ይችላል።

ደረጃ 3፦ አላታ ድልድይ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ 400 ሜትር ሰፍቶ የምታዩት ዓባይ እዚህ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል፤ ግንበኞቹም ቦታውን የመረጡት በዚሁ ጥበት ምክንያት ነው። ድልድዩ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በድንጋይና በኖራ ተሠራ፤ በዓባይ ላይ የተዘረጋ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እሱ ነው። ብዙ ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለው ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥቱ በነበሩበት ዘመን የተሠራ ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊት በክረምት ጎጃምና በጌምድር የሚገናኙት በታንኳና በዋና፣ በብዙ አደጋ ነበር። ድልድዩ ለነጋዴውም ለንጉሡ ጦርም መንገድ ከፈተ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሁለተኛው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው፣ ከዚህ ወደ ታች ርቆ ከሞጣ ወደ አንዳቤት በሚያሻግረው መንገድ ላይ ይገኛል፤ የእሱ መካከል በጣሊያን ወረራ ዘመን ፈርሷል። አላታ ግን ይኸው ሰውና ከብት እያሻገረ አለ።

ስትሻገሩ ከሁለቱም ወገን ወደ ታች ተመልከቱ፤ በጠርዙ ላይ ግን አትቀመጡ፤ ልጆችንም እጃቸውን ይዛችሁ አሻግሩ። ከተሻገራችሁ በኋላ ጥቂት ወጣ ብላችሁ ወደ ኋላ ብትዞሩ ቅስቶቹ ከድንጋዩ ጋር እንዴት እንደተጋጠሙ በደንብ ይታያል። ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ ይህን ልታዩት አትችሉም።

ደረጃ 4፦ ከአቀበቱ እስከ ፊት ለፊቱ ማያ

ከድልድዩ ማዶ መንገዱ በትንሽ መንደር በኩል ይወጣል። የዙሩ ከባዱ አቀበት ይህ ነው፤ ረጅም ግን አይደለም። ፎጣ፣ ቅልና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጡ ሰዎች ይከተሏችኋል። የማትገዙ ከሆነ በጨዋነት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ አልገዛም» በሉ፤ «ስመለስ» አትበሉ፤ በዚህ መንገድ አትመለሱምና ቃላችሁን የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይውላል።

ከአቀበቱ አናት ፏፏቴው ፊት ለፊት ይገለጣል። ቀስተ ደመና ለማየት ፀሐይ ከኋላችሁ፣ ርጭቱ ከፊታችሁ መሆን አለበት፤ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቀስቱ ወደ ሸለቆው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ቀስቱ ካልታያችሁ ተስፋ ሳትቆርጡ ጥቂት እርምጃ ወዲያና ወዲህ በሉ፤ ከአንድ ቦታ የጠፋው ከሌላው ይታያል። ብዙው ሰው ከዚህ ይመለሳል፤ እናንተ ቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ ማሳዎቹና ተንጠልጣዩ ድልድይ

ከማያው ወደ ፏፏቴው ሥር የሚወስደው መንገድ በማሳዎች ጠርዝና በቁጥቋጦ መካከል ያልፋል። እኔ ከፏፏቴው እኩል የምወደው ክፍል ይህ ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ውኃ በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ጫትና ሸንኮራ አገዳ ታያላችሁ። ሾላ ዛፍ ካገኛችሁ ጥላው ሥር አረፍ በሉ፤ ወፎች ፍሬውን ፍለጋ እዚያ ስለሚሰበሰቡ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል። ጦጣዎችም ምግብ ካሸተቱ ይቀርባሉ፤ አትመግቧቸው፤ የሰው እጅ የለመደች ጦጣ ነገ የምትገባው የዚያ ገበሬ በቆሎ ውስጥ ነው።

የማሳ ሥርዓት ቀላል ነው፤ በጥብቅ መያዝ ግን አለበት። በድንበሩ ላይ ሂዱ እንጂ በአዝመራው ውስጥ አትግቡ፤ ለፎቶ ሲባል አንድ እርምጃ እንኳ። የወደቀ ጤፍ አይነሣም። የመስኖ ቦይ ስትዘሉ ጠርዙን እንዳትንዱ ተጠንቀቁ፤ ለጎብኚ አንድ እግር አፈር ቢሆን ለገበሬው ውኃው ወደ ሌላ ማሳ መፍሰሱ ነው። የሚሠራ ሰው ካያችሁ «እግዚአብሔር ያበርታችሁ» ብላችሁ እለፉ፤ ይህን ሰላምታ ሰምቶ ፊቱ የማይፈታ ገበሬ አላየሁም። አውድማ ካጋጠማችሁ ሳይፈቀድላችሁ አትርገጡ። ሰውን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ውሻ ቢጮኽባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ባለቤቱን ጥሩ፣ ካልመጣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሡ ምሰሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያው ይበቃል።

ጥቂት እንደሄዳችሁ የዓባይ ገባር የሆነውን የአላታን ወንዝ የምትሻገሩበት ተንጠልጣይ ድልድይ ታገኛላችሁ። ሲረግጡት ይወዛወዛል፤ ብዙ ሆናችሁ አንድ ላይ በሰልፍ ከረገጣችሁት ይበልጥ ይወዛወዛል። ጥቂት ጥቂት እየሆናችሁ፣ ዓይናችሁን ማዶው ላይ አድርጋችሁ ተሻገሩ። ከብት እየተሻገረ ከሆነ ጠብቁ። በክረምት አላታ ራሱ በኃይል ስለሚሞላ ከድልድዩ ውጭ በሌላ ቦታ በእግር ለመሻገር አትሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ከፏፏቴው ሥር

ድምፁ ከመንገዱ ቀድሞ ይደርሳችኋል፤ ቀጥሎ ርጭቱ። በጥቅምት እዚህ ሣሩ እንደ ክረምት ለምለም ነው፤ ርጭቱ ቀኑን ሙሉ ያጠጣዋል። ምን ያህል መጠጋት እንደምትችሉ የሚወስነው የውኃው መጠን ነው፤ አስጎብኚያችሁ ቁሙ ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ። በበጋ ውኃው ሲቀንስ ከሥሩ ያለው ኩሬ ለመዋኘት ይጋብዛል። አትግቡ። ከበላይ በር ሲከፈት ወይም ማመንጫው ሥራውን ሲለውጥ ውኃው ሳይታሰብ ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ በጣና ዙሪያና በዓባይ ዳር ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ አናቱና ወደ ጀልባው

ከሥር ተነሥቶ በፏፏቴው ጎን የሚወጣው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ርጥብ ነው፤ ምርኩዛችሁ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። ከላይ ስትደርሱ ዓባይ ፍጹም ሌላ ወንዝ ይሆንባችኋል፤ ሰፊ፣ ዝግ ያለ፣ የሚወድቅ የማይመስል። ይህ ዝግታ ያታልላል። ከገደሉ ጠርዝ ራቁ፤ ለመታጠብም ለመቀዝቀዝም ወደ ውኃው አትውረዱ። በዚህ ክፍል አዞም ጉማሬም ሊኖር ይችላል።

ጀልባው የሚነሣበት ቦታ ከፏፏቴው ወደ ላይ ፈንጠር ብሎ ነው። ጀልባዋ ማዶ ከሆነች አስጎብኚው ይጠራታል፤ ጠብቁ። ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ካለ ጠይቃችሁ ልበሱ፣ ስትገቡ በመካከል ተቀመጡ፣ እስክትወርዱ አትነሡ። ጀልባዋ ሰው ከበዛባት የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ እንጂ አትጣበቡ። መሻገሩ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ከማዶው እስከ መንደሩ ያለው ሜዳ ቀላል ነው። ወደ ማመንጫው የሚሄደውን የውኃ ቦይ በመንገድ ላይ ብታዩ ቆም በሉ፤ ጠዋት ስለ ውኃው የጠየቃችሁት ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ ይፈስሳል። በማመንጫው አጥር አካባቢ ግን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን አስፈቅዱ።

ዙሩ ለማይመቻቸው

ጉልበት ለሚያመው ሰው፣ ለአረጋውያንና ትንንሽ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ሙሉው ዙር ከባድ ነው። ለእነሱ ጉዞውን ከጀልባው ጀምሩት፦ ከመንደሩ በሜዳው ወደ መሻገሪያው ሄዳችሁ ተሻገሩ፣ የፏፏቴውን አናት እዩ፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ ወደ ሥሩ ጥቂት ውረዱ፣ ከዚያም በዚያው በጀልባ ተመለሱ። ቁልቁለቱም አቀበቱም ይቀርላችኋል፤ የሚቀርባችሁ ድልድዩ ነው። ከቤተሰቡ መካከል ጠንከር ያሉት በድልድዩ በኩል ዞረው ከፏፏቴው አናት ላይ ቢገናኙም ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ አስጎብኚ ያዙ፤ ስልክ በሸለቆው ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል የመገናኛውን ሰዓትና ቦታ ከመለያየታችሁ በፊት ቁረጡ።